ሜዲስን በእንግሊዝኛ በአውሮፓ፦ ጣሊያን፣ ሃንጋሪ ወይስ ሮማኒያ?

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ የአውሮፓ ወሬ አይጠፋም። "ሜዲስን በእንግሊዝኛ፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ በአነስተኛ ክፍያ" የሚለው ማስታወቂያ ቴሌግራሙን ሞልቶታል። ነገሩ ውሸት አይደለም። ችግሩ ሁሉንም አንድ ላይ የሚሰጥ አገር አለመኖሩ ነው። ርካሹ አገር መግቢያው ጠባብ ነው። መግቢያው ሰፋ የሚለው ኪስ ያራቁታል። እንግሊዝኛው ደግሞ የትም ቢሄዱ የሚያገለግለው እስከ ዋርዱ በር ድረስ ነው።

እዚህ የማወዳድረው በዋናነት ጣሊያንንና ሃንጋሪን ነው። ሮማኒያንና ቡልጋሪያንም በመጠኑ አነሳለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ገንዘቡ

ለአብዛኞቻችን ውሳኔው የሚያልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ እንጀምር።

በጣሊያን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያው የሚወሰነው በቤተሰብ ገቢ ነው። ከፍተኛው እንኳ ብዙ ቦታ በዓመት ከ3 እስከ 4 ሺህ ዩሮ አካባቢ ነው። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ልጅ ከትምህርት ክፍያ ነጻ ሆኖ፣ የክልል ግብር እና የቴምብር 150 ዩሮ ገደማ ብቻ ከፍሎ ሊማር ይችላል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ክልል ለተቸገሩ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ አለው። ዶርም፣ የካፌ ምግብና ጥሬ ገንዘብ ተደምሮ በዓመት እስከ 7 ሺህ ዩሮ ገደማ ይደርሳል። የውጭ ዜጋም ይወዳደራል።

ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው ግን ኢዜኤ ፓሪፊካቶ በሚባል አንድ የገቢ ማስረጃ ላይ ነው። ማስረጃውን የሚሠራላችሁ ጣሊያን ውስጥ ያለ ካፍ የሚባል ቢሮ ነው። የሚሠራው ግን ከአገር ቤት በምትወስዱት ወረቀት ነው፦ የቤተሰብ አባላት ዝርዝር፣ የወላጆች የዓመት ገቢ፣ ቤትና ንብረት፣ የባንክ ሒሳብ። ወረቀቶቹ ወደ ጣሊያንኛ መተርጎምና መረጋገጥ አለባቸው፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንም ኤምባሲውንም ማለፍ ይኖርባቸዋል። ይሄ በሳምንት የሚያልቅ ሥራ አይደለም። አንዲት ወረቀት ጎድላ የስኮላርሺፑ ማመልከቻ ቀን ካለፈ፣ ነጻ ሊሆን የሚችለው ዓመት በሙሉ ክፍያ ያልፋል። ስለዚህ ልጁ ፈተናውን ማለፉ እስኪታወቅ አትጠብቁ፤ ቀደም ብላችሁ ጀምሩት።

ሌላም ነገር አለ። የስኮላርሺፑ ገንዘብ ተማሪው እንደደረሰ እጁ አይገባም፤ ወራት ይወስዳል፣ የሚሰጠውም በክፍል በክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያኖር ገንዘብ ይዞ መሄድ ግድ ነው። ኤምባሲውም ቢሆን ለቪዛ የአንድ ዓመት ወጪ፣ ከ6 ሺህ ዩሮ በላይ፣ ማየት ይፈልጋል። በዓመቱ ውስጥ የተወሰነ ክሬዲት ያላለፈ ተማሪም ስኮላርሺፑ ይቋረጥበታል።

ሃንጋሪ ሌላ ዓለም ነው። ቡዳፔስት ያለው ሰመልቫይስ፣ ከዚያም ደብረጸን፣ ሴገድና ፔች፣ በእንግሊዝኛ ለሚማር የውጭ ተማሪ በዓመት ከ16 እስከ 20 ሺህ ዶላር አካባቢ ያስከፍላሉ። በስድስት ዓመት፣ ያለ ቤት ኪራይና ያለ ምግብ፣ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ማለት ነው። በብር ከሄዳችሁ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። ከሐምሌ 2024 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ አስልታችሁ የያዛችሁት ብር በሦስተኛው ዓመት ላይበቃ ይችላል። ዓመት የደገመ ተማሪ ደግሞ የደገመውን ዓመት ይከፍላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አናቶሚና ባዮኬሚስትሪ ብዙ ልጅ ያስደግማሉ፤ ስለዚህ በጀታችሁን በሰባት ዓመት አስሉት።

ከዚህ የሚያወጣ አንድ በር አለ፤ ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩም የተባለው የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ። ኢትዮጵያ በፕሮግራሙ ውስጥ አለች። የትምህርቱን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። በወር የሚሰጠው 43,700 ፎሪንት ግን ለኑሮ አይበቃም፤ 110 ዩሮ ገደማ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው በአብዛኛው በጃንዋሪ አጋማሽ ነው። ሜዲስን በዚያ ዓመት ለኢትዮጵያውያን ክፍት መሆኑን ከፕሮግራሙ ዝርዝር ማየት አትርሱ፤ ሁሉም የትምህርት ዘርፍ ለሁሉም አገር አይከፈትም።

"የመንግሥት" በሚለው ላይም አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ አራቱ የሃንጋሪ ዩኒቨርሲቲዎች በ2021 ከመንግሥት እጅ ወጥተው በፋውንዴሽን እንዲተዳደሩ ተደርገዋል። በዚህ የተነሳ የአውሮፓ ኅብረት በ2022 መጨረሻ ከእንዲህ ዓይነት ተቋማት ጋር አዲስ የኢራስመስ (የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም) ውል እንዳይፈረም አግዷል። ዲግሪው ላይ ለውጥ የለም። ግን ልጃችሁ መሀል ላይ አንድ ሴሚስተር ሌላ አገር ለመማር ካሰበ ጠይቁ።

ሮማኒያና ቡልጋሪያ መሀል ላይ ናቸው፤ በዓመት ከ6 እስከ 10 ሺህ ዩሮ ገደማ። ኑሮውም ከቡዳፔስትም ከሚላኖም ይቀላል። ፖላንድና ቼክ ከ12 ሺህ ዩሮ ወደ ላይ ስለሆኑ፣ ለኛ ከሃንጋሪ ብዙም የሚለያቸው ነገር የለም፤ አልፋቸዋለሁ።

መግቢያው

ጣሊያን ገንዘቡን የምትምረውን ያህል በፈተናው አትምርም። በእንግሊዝኛ ሜዲስን የሚያስተምሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአሥር ይበልጣሉ፦ ፓቪያ፣ ሚላኖ፣ ቦሎኛ፣ ፓዶቫ፣ ቶሪኖ፣ ሮም ላይ ሳፒየንዛና ቶር ቬርጋታ፣ ናፖሊ፣ ባሪ፣ መሲና እና ሌሎችም። ሁሉም የሚቀበሉት በአንድ ፈተና ነው፤ አይማት ይባላል። ጣሊያን በ2025 በጣሊያንኛ ለሚሰጠው ሜዲስን የመግቢያ ፈተናውን ስታስቀር እንኳ፣ ለእንግሊዝኛው አይማት ቀርቷል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚኖሩ አመልካቾች የተለየ ኮታ አለ፤ ኮታው ግን ትንሽ ነው።

ፈተናው 60 ጥያቄ በ100 ደቂቃ ነው። ባዮሎጂ 23፣ ኬሚስትሪ 15፣ ፊዚክስና ሒሳብ 13፣ ሎጂክ 5፣ ንባብና ጠቅላላ ዕውቀት 4። ትክክለኛ መልስ 1.5 ነጥብ ያስገኛል፣ ስህተት 0.4 ይቀንሳል፣ ባዶ የተተወው ዜሮ ነው። የኛ ልጆች የለመዱት የብሔራዊ ፈተና ስልት፣ ማለትም ሁሉንም አጥቁሮ መውጣት፣ እዚህ ይጎዳል። አምስት ምርጫ ስላለ፣ ጭራሽ በግምት የሚሞላ ልጅ በአማካይ በጥያቄ 0.02 ይከስራል። ከአምስቱ አንዱን በእርግጠኝነት መጣል ከቻለ ግን ግምቱ ትርፍ ይሆናል። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፤ ምንም የማታውቀውን ተወው፣ አንድም ቢሆን መጣል የቻልከውን ሙላው። 40 ትክክል፣ 10 ስህተትና 10 ባዶ ያለው ልጅ 56 ያገኛል። እነዚያን 10 ባዶዎች በጭፍን ሞልቶ ሁሉንም ቢስት 52 ይወርዳል፤ በዚህ ፈተና 4 ነጥብ ደግሞ ብዙ ወንበር ነው።

ፈተናው በሴፕቴምበር ስለሚሰጥ በዚያው ዓመት አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ላይ ጊዜው ይጠብበታል። የኛ ውጤት የሚወጣው ዘግይቶ ነው፤ ዩኒቨርሲታሊ በሚባለው የጣሊያን መንግሥት ድረ ገጽ ቅድመ ምዝገባ፣ የሰነድ ማረጋገጫና ቪዛ አብረው ይጣደፋሉ። እኔ ብጠየቅ አንድ ዓመት ወስዶ ለአይማት መዘጋጀትን እመርጣለሁ። ዓመት ባከነ ማለት አይደለም፤ ከስድስት ዓመት የትምህርት ክፍያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ዋጋ ነው።

ሃንጋሪ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ፈተና ይሰጣል፤ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ ወይም ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ከዚያም የቃል ጥያቄ። በደንብ የተዘጋጀ ልጅ ያልፈዋል። ከባዱ ማጣሪያ ያለው ከገቡ በኋላ ነው። ሮማኒያ ላይ ብዙ ቦታ የሚታየው የትምህርት ማስረጃው ሲሆን ቡልጋሪያ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ፈተና አላት።

ቋንቋው

ይህ ነው ሰው የሚዘነጋው። ለኛ ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ጥቁር አንበሳ የሚማር ልጅ ሌክቸሩን በእንግሊዝኛ ይሰማል፣ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ይፈተናል። አልጋው አጠገብ ቆሞ ሂስትሪ (የሕመሙን ታሪክ) ሲወስድ ግን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው። "ሕመሙ መቼ ጀመረዎት? ሲተነፍሱ ይወጋዎታል?" ይላል። በኋላ ለሲኒየሩ በእንግሊዝኛ ያቀርበዋል። ደብረጸንም ሆነ ፓዶቫ ያው ነው። በሽተኛዋ የሰባ ዓመት ባልቴት ናቸው፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ በሽተኛ የማናገር ግዴታ ይመጣል፤ ቋንቋውን ያልያዘ ተማሪ ከጓደኞቹ ጀርባ ቆሞ ይቀራል። ዲግሪውን ሊያገኝ ይችላል፤ እጁ ግን አይፈታም።

ስለዚህ "የትኛውን ቋንቋ በሦስት ዓመት እይዛለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጣሊያንኛ እዚህ በግልጽ ይበልጣል። አዲስ አበባ ውስጥ የጣሊያን ባህል ተቋም አለ፤ ልጁ ከመሄዱ በፊት መጀመር ይችላል። ሮማኒያኛም ከላቲን የመጣ ስለሆነ እንግሊዝኛ ላለው ሰው ብዙ አይከብድም። ቡልጋሪያኛ በሲሪሊክ ፊደል ነው የሚጻፈው። ሃንጋሪኛ ከጎረቤቶቹም ጋር የማይዛመድ ከባድ ቋንቋ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን ስለሚያውቁ የሕክምና ሃንጋሪኛን ግዴታ አድርገው ያስተምራሉ። ብዙ የውጭ ተማሪ ግን ፈተናውን አልፎ ይረሳዋል።

ስፔሻላይዜሽን ላይ ይህ የበለጠ ይከብዳል፤ በየአገሩ የሚሰጠው በአገሩ ቋንቋ ነው። እዚያው ቀርቼ ልሥራ የሚል ልጅ ጣሊያን ላይ አንድ እፎይታ አለው፤ ከ2020 ወዲህ የሜዲስን ዲግሪው ራሱ ፈቃድ ስለሚሰጥ የተለየ የመንግሥት ፈተና የለም። ወደ ጀርመን ልሻገር የሚል ደግሞ ዲግሪው ከየትም ቢመጣ የሕክምና ጀርመንኛ ፈተና ይጠብቀዋል። ልጁ ጀርመንኛ የመማር ትዕግሥት ካለው ግን ሌላም መንገድ አለ፤ ሜዲስን በጀርመንኛ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው ያለ ክፍያ ይሰጣል።

ለማን የቱ?

ጎበዝ ልጅ ኖሮት ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ ጣሊያንን ነው የምመክረው፣ ያለ ማመንታት። ሳይሳካ ሊቀር ስለሚችል ግን አገር ቤት የተገኘውን ወንበር ለቆ እንዳይጠብቅ፤ ለአይማት የሚዘጋጀውም እዚያው እየተማረ ይሁን። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያሉ ወላጆች ለዚሁ ብለው ያጠራቀሙት ካላቸው ሃንጋሪ የቆየና የሚታወቅ ትምህርት ትሰጣለች፤ ዓመት የመድገሙን አደጋ ግን ከወዲሁ ተነጋገሩበት። መካከለኛ አቅም ላለው ሮማኒያን ከቡልጋሪያ አስቀድማለሁ፣ በቋንቋው ምክንያት። ኤጀንሲ "ያለ ፈተና፣ በሁለት ሳምንት" ካላችሁ የዩኒቨርሲቲውን ስም ጻፉና የመንግሥት ይሁን የግል ራሳችሁ አጣሩ። ለጣሊያን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደላላ አያስፈልግም፤ ምዝገባው ኦንላይን ነው፣ በተማሪው በራሱ ስም።

ከመመዝገብ በፊት የሚታይ አንድ ነገር ይቀራል፤ ልጁ የት ነው የሚሠራው? ኢትዮጵያ የሚመለስ ከሆነ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ይሠራለታል፣ ከዚያም የሙያ ፈቃዱ ይከተላል። አሜሪካ የሚያስብ ትምህርት ቤቱ በዓለም አቀፉ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ላይ መኖሩንና ዕውቅና ባለው አካል አክሬዲት መደረጉን ይመልከት። ባሕረ ሰላጤ አገሮች ዲግሪውን ከምንጩ አጣርተው ነው ፈቃድ የሚሰጡት። እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ፤ የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ አውሮፓ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ከተቀባይነት ዝርዝር አውጥቷል። የመጀመሪያውን ክፍያ ከመላካችሁ በፊት የዚያን ትምህርት ቤት ስም በሚኒስቴሩ ዝርዝር ላይ በዓይናችሁ እዩት።