14 ሚሊዮን ያልበቃቸው ሌቦች

እየሳቃችሁ የምታነቡት የወንጀል ልብ ወለድ ካማራችሁ የካርል ሃያሰንን «ላኪ ዩ» (Lucky You) ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ነው። እኔ ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ ነው የገዛሁት፤ ሽፋኑ ቢላላጥም ገጹ አልጎደለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ የ28 ሚሊዮን ዶላር ሎተሪ ለሁለት ቲኬት እኩል ይወጣል። አንዱ የደረሳት ጆሊን ላክስ ናት፣ እንስሳት ሕክምና የምትሠራ ጥቁር ሴት። ሌላው የደረሳቸው ቦዲ እና ቸብ የሚባሉ ሁለት ዘረኛ ቦዘኔዎች ናቸው። በቃ 14 ሚሊዮን አላቸው፣ ቁጭ ብለው አይበሉም? የሷንም ካልወሰድን ብለው ቤቷ ድረስ ሄደው ደብድበው ይነጥቋታል። መጽሐፉን የወደድኩት እዚህ ጋ ነው። ሰዎቹ የሚሰርቁት ቸግሯቸው አይደለም፣ ሲሰርቁ ሀብታም ናቸው።

እኛ ሰፈር ቡና ላይ «ሎተሪ ቢደርሰኝ» ያለ ሰው ሁሉ ቤት ይሠራል፣ መኪና ይገዛል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ይገባል። ጆሊን ግን ገንዘቡን የምትፈልገው ከተማዋ ዳር ያለው ጫካ ለሕንፃ ሳይሸጥ ቀድማ ለመግዛት ነው። የቦዬን ረግረግና ጉማሬዎቹን የሚያውቅ የጅማ ሰው ሐሳቧ ወዲያው ይገባዋል።

አብሯት ሌቦቹን የሚያሳድደው ጋዜጠኛ ቶም ክሮም ኑሮው አንገሽግሾታል። ሚስቱ የፍቺ ወረቀት አልቀበልም ብላ ከከተማ ከተማ ትሸሸዋለች፣ በመሃል ቤቱ ይቃጠልና ሞተ ተብሎ ይወራል። ደራሲው ራሱ የማያሚ ሄራልድ ጋዜጠኛ ስለነበር መሰለኝ፣ የጋዜጣ አለቆችን ሲያሾፍባቸው አይምርም።

በጣም ያሳቀኝ ግን ከተማዋ ነች። በስውር ቱቦ የማርያምን ሐውልት እያስለቀሰ ከምዕመን ብር የሚለቅም ሰውዬ አለ፣ የኛዎቹ ሐሰተኛ አጥማቂዎች ቢያዩት የሚቀኑበት። ሌቦቹ ደግሞ አገር እናድናለን ብለው ላቋቋሙት የጦር ቡድን ያወጡት ስም የሙዚቃ ባንድ ስም ሆኖ ይገኛል!

እንከን አለው። ሰው ይበዛበታል፣ ማን ማን እንደሆነ እስክትለዩ ወደኋላ ትገልጣላችሁ። መጨረሻ አካባቢ ደሴት ላይ ያለው ክፍልም ተንዛዝቷል። እንግሊዝኛው የመንገድ ቋንቋ ስለሚበዛበት መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይኑር። ለታዳጊ ልጅ ግን አትስጡት፣ የሁለቱ ሌቦች አፍ ስድብ ብቻ ነው።