ለአባይ በረሃና ለጎጃም ክረምት የሚሆን፣ ኪስ የማይጎዳ ጎማ የቱ ነው?

ከደጀን አፋፍ እስከ ህዳሴ ድልድይ ያለው ቁልቁለት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች ርቀት መኪናው ከ2,400 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ደጀን ላይ ጃኬቱን የቆለፈ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ እጅጌውን ይሰበስባል። አስፋልቱ በከባድ መኪና ተገፍቶ የተሸበሸበባቸው፣ መሬቱ ራሱ ተንሸራቶ ያጋደለባቸው ኩርባዎች አሉ። ናፍጣና ዘይት የሚንጠባጠበውም እነዚያው ኩርባዎች ላይ ነው። ስለዚህ ከበጋ በኋላ የመጀመሪያዋ ዝናብ ስትወርድ፣ አቧራውና ቅባቱ ገና ሳይታጠብ፣ መንገዱ ሳሙና ይሆናል። ጎማ የሚፈተነው እዚህ ነው እንጂ ባሕር ዳር ዘንባባ ሥር አይደለም።

እዚህ የምንመዝነው ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ጎማ ቤት ገብቶ የሚጠይቅ የቪትዝ ወይም የኮሮላ ባለቤት የሚቀርቡለትን ነው፦ ያገለገለ የጃፓን ጎማ፣ በጣም ርካሽ አዲስ ጎማ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው አዲስ ጎማ፣ እና ወጣቶቹ ኢንተርኔት ላይ አይተው የሚመኙት ለስላሳ የስፖርት ጎማ። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፤ በቅርብ የተመረተ መካከለኛ አዲስ ጎማ ይግዙ። ስሙ የታወቀ ባይሆን ግድ የለም፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ካነበቡ።

ያገለገለው ጎማ የሚሸጠው በጥርሱ ነው። ሻጩ ጣቱን ጥርሱ ውስጥ ከትቶ «እየው፣ ገና ነው» ይላል። ጥርሱ እውነት ገና ሊሆን ይችላል፤ ላስቲኩ ግን አርጅቷል። ላስቲክ መኪናው ቆሞም ቢሆን ከአየርና ከፀሐይ ጋር እየተዋሃደ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ የአስፋልቱን ሸካራ መንከስ ይተዋል። የአውራ ጣትዎን ጥፍር ጥርሱ ላይ ተጭነው ይልቀቁት፤ ጥሩ ላስቲክ ጥፍሩን ተቀብሎ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ የደረቀው ጥፍርዎን ያንሸራትተዋል። ቀጥሎ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ሸለቆ ከፈት አድርገው ታችኛውን ይመልከቱ፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ካለ ነገሩ አልቋል። ጎማው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ ከሆነ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጎኑን ይሹት፤ ቀለሙ የሚሸፍነው ስንጥቅ ነው። ውስጡንም ይዳስሱ። ጥቁር የላስቲክ ዱቄት እጅዎ ላይ ከቀረ ወይም ውስጠኛው ግድግዳ ከተጨማደደ፣ ጎማው ንፋስ ሳይኖረው ተነድቶበታል ማለት ነው።

በገንዘብ ሲታሰብም አያዋጣም። አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ አገሮች በሕግ የሚፈቅዱት እስከ 1.6 ሚሊ ሜትር ቢሆንም፣ ከ3 በታች ሲወርድ ውሃ የማስወጣት አቅሙ ስለሚዳከም ለጎጃም ክረምት 3 ላይ ማቆም ይገባል። ስለዚህ አዲሱ የሚያገለግልዎ 5 ሚሊ ሜትር ነው። 5 ሚሊ ሜትር የቀረው አሮጌ ጎማ ደግሞ የሚያገለግልዎ 2 ብቻ ነው። አሮጌው የአዲሱን ዋጋ ከ40 በመቶ በላይ ካስከፈለዎ፣ የላስቲኩን እርጅና ሳንቆጥር እንኳ፣ ከስረዋል።

በጣም ርካሹ አዲስ ጎማ ችግሩ ሌላ ነው፦ ብዙ ጊዜ ድንጋይ ነው። ጎኑ ላይ ትሬድዌር፣ ትራክሽን፣ ቴምፕሬቸር የሚሉ ሦስት ቃላት ከነደረጃቸው ይገኛሉ። ትሬድዌር የዕድሜ ቁጥር ነው፤ 100 መነሻው ሆኖ 400 የተጻፈበት በአሜሪካኖቹ የሙከራ መንገድ ላይ ከመነሻው አራት እጥፍ ይቆያል ተብሎ የተገመተ ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ አንዱን ፋብሪካ ከሌላው ለማወዳደር ብዙም አይታመንም፤ በአንድ ፋብሪካ ጎማዎች መካከል ግን ይረዳል። ባጠቃላይ ቁጥሩ ሲበዛ ላስቲኩ ይጠነክራል፣ መያዙም ይቀንሳል። ትራክሽን ደግሞ እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ፍሬን ሲያዝ የሚለካ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ኤኤ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይባላል። ኩርባ ላይ ያለውን ችሎታ አይለካም፣ ቢሆንም ቢና ሲ የተጻፈበትን ጎማ ለአባይ በረሃ ዋጋው እንኳ አያስጠይቅዎ። ቴምፕሬቸር ሙቀት የመቋቋም ደረጃ ነው፤ እዚህ ኤ ወይም ቢ ይበቃል።

የአውሮፓ ተለጣፊ ያለበት ጎማ ካገኙ ከዝናብ ደመና ሥዕሉ ጎን ያለውን ፊደል ይመልከቱ። በአንድ ደረጃ ልዩነት ብቻ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የነበረ መኪና ለመቆም ከ3 እስከ 6 ሜትር ተጨማሪ ይፈልጋል። ገበያ ውለው የሚመለሱ አህዮች ኩርባው ላይ ሲያጋጥሙ 6 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ የደጀን ሾፌር ያውቀዋል።

አሁን ወደ ለስላሳው። በፈረንጅ አገር ስፖርት መኪና ይዘው የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ለሚውሉ ሰዎች የሚሠሩ ጎማዎች አሉ። የሃንኩክ አርኤስ4 እና የፋልከን አርቲ660 ትሬድዌር 200 ነው፤ የቶዮ አር888አር 100፣ የናንካንግ ኤአር-1 ደግሞ 80 ነው። ለዚያ ሥራ የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ በተለይ ናንካንግን ሰዎች የሚወዱት ከትልልቆቹ ስሞች ባነሰ ዋጋ ስለሚያዝ ነው። ነገር ግን ያ ላስቲክ የሚነክሰው ተደጋጋሚ ኩርባና ፍሬን አግሎት ሲሞቅ ነው። በደብረ ማርቆስ ጥቅምት ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፣ ጎማውም ሳይግል ያልቃል። ጥርሱ ጥቂትና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ኩሬ ሲያገኝ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ እንጅባራ ላይ ደግሞ ኩሬ ሞልቷል። ኮረት መንገድ ላይ ለስላሳው ላስቲክ ጠጠሩን እየለቀመ ይቆራረጣል። ከስፖርቱ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ፦ መያዝ ከላስቲኩ ነው የሚመጣው፣ ከጥርሱ ግርማ ሞገስ አይደለም። የትራክተር የሚመስል ጥርስ ያለው ጎማ እርጥብ አስፋልት ላይ ያነሰ ላስቲክ ነው የሚያስነካው።

እንግዲህ የምንመርጠው ይህ ነው፦ ትሬድዌር ከ300 እስከ 450፣ ትራክሽን ኤ ወይም ኤኤ፣ ቴምፕሬቸር ኤ ወይም ቢ፣ በዙሪያው ከሦስት ያላነሱ ረጃጅም የውሃ ቦዮች ያሉት፣ ከተመረተ ሁለት ዓመት ያልሞላው።

ምርቱ የመቼ እንደሆነ የሚናገሩት ዶት ከሚለው ጽሑፍ ጫፍ ያሉት አራት አኃዞች ናቸው። 2323 ካለ በፈረንጆች 2023 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል፤ በእኛ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ 2015 መሆኑ ነው። ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ሻጩ «የ15 ነው» ቢልዎ ውሸታም ላይሆን ይችላል፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ግን አልነገረዎትም። 3015 የተጻፈበት ጎማ በእኛ ሐምሌ 2007 የተሠራ ነው፣ መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት ተጨማሪ አርጅቷል። አኃዞቹ በአንድ ጎን ብቻ ሊኖሩ ስለሚችሉ «የለውም» ከተባሉ ጎማውን ገልብጠው ይፈልጉ። አራቱንም ያንብቡ፤ ሁለቱ አዲስ ሁለቱ የከረሙ ሆነው በአንድ ዋጋ የሚሸጡበት ጊዜ አለ።

መጠን ላይ ብዙ አንዘገይም። ለቪትዝ 165/70 አር14 የሆነውን 175/65 አር14 ቢተኩት ቁመቱ የሚለየው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ቸርኬውም ይቀበለዋል፣ መያዙም ትንሽ ይሻላል። 175/70 ግን ከ2 በመቶ በላይ ይረዝማል፤ የፍጥነት መለኪያው ያሳስታል፣ መሪ ሙሉ ሲዞርም መከለያውን ሊነካ ይችላል። ለኮሮላው 195/65 አር15 ነው፤ 205/60 አር15 ይሄዳል። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ለውበት ብሎ ማድረግ በዚህ አገር ጉድጓድ ቸርኬ መስበር ነው።

ገንዘቡ ለሁለት ብቻ ከበቃ የት ይግቡ? ጎሚስታው መኪናውን ክሪክ ላይ ሲያወጣ የሚለው የታወቀ ነው፤ «አዲሶቹን ፊት ላድርጋቸው አይደል?» ቪትዝ የሚጎትተው በፊት እግሩ፣ መሪውም እዚያው ስለሆነ ነገሩ ትክክል ይመስላል። መልሱ ግን «ኋላ አድርግልኝ» ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው እግር ይቀላል። የቀለለው እግር ያረጀ ጎማ ካለው፣ እርጥብ ኩርባ ላይ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው፤ የኋላው ሲለቅ መኪናው ይዞራል። የፊቱ ቢለቅ ግን መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ ሾፌሩ ይሰማዋል፣ ነዳጁን ሲለቅም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በአንድ አክስል ላይ ግራና ቀኙ የተለያየ ጎማ ማድረግ ደግሞ በምንም መልኩ አይሆንም።

የንፋሱ ነገር የአባይ በረሃ የራሱ ሂሳብ አለው። ደጀን ላይ 32 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ፣ ድልድዩ ጋ መለኪያው 30 ገደማ ያነብ ነበር፤ ንፋስ ስላጣ ሳይሆን ቆላው ላይ ያለው አየር ከውጭ የሚጫነው ስለሚበልጥ ነው። ሙቀቱ ደግሞ በየ10 ዲግሪው 1.5 ፒኤስአይ ገደማ መልሶ ይጨምራል። ሁለቱ ስለሚቻቻሉ ታች ደርሶ «ጎማው ግሏል» ብሎ ንፋስ ማስተንፈስ ስህተት ነው፤ ማታ ደጋው ላይ ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ሆኖ ያድራል። ልኩ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት አለ፤ የሚለካው ጠዋት ሳይነዳ ነው። ጭነት አለ ብሎ 45 መሙላት የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ ጎማው በመሃሉ ብቻ መንገዱን ይነካል፣ መሃሉም ቀድሞ ያልቃል። ሁለቱም ዳርቻ ካለቀ ንፋስ አንሷል፤ አንዱ ዳርቻ ብቻ ካለቀ አላይመንት ያስፈልጋል። የጎሚስታው መለኪያ ስለሚዋሽ የራስዎን ይያዙ።

ሲገጠም የሚበላሸው ብዙ ነው። አዲስ ጎማ ገዝቶ አሮጌውን ቫልቭ ማስቀረት ንፉግነት ነው፤ ይቀየር። ጎኑ ላይ ቀስት ካለ ቀስቱ ወደ ፊት ይሽከረከር። አፉ በሳሙና ውሃ ይቀባ፣ በግራሶ አይሁን። ባላንስ ሳይደረግ አይውጣ። ከሁሉ የከፋው ግን «ንፋስ እንዳያስቸግርዎ» ተብሎ ቱብለስ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ መክተት ነው፤ ከመነዳሪው ከጎማው ውስጠኛ ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ይግላል፣ ሲቀደድ ደግሞ ንፋሱ በቫልቩ ዙሪያ በአንዴ ይወጣል። ሚስማር የወጋው ቱብለስ ከውስጥ ተለጥፎ ይጠገናል፤ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ወይም ጎኑ ላይ ከሆነ አይጠገንም። የቶዮታ ትናንሽ መኪናዎች ቡሎን የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በረጅም ቧንቧ እየዘለሉ ማጥበቅ ቡሎኑን ይስባል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈተሽ። አዲስ ጎማ ከፋብሪካው ይዞት የመጣው የሚያንሸራትት ገጽ እስኪፋቅ 300 ኪሎ ሜትር ይፈልጋልና፣ ዛሬ አስገጥሞ ነገ በዝናብ በረሃውን መውረድ አይመከርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለአባዱላ ባለቤቶች አንድ ቃል፦ 195 አር15 ሲ ላይ ያለችው ሲ ፊደል ጎማው ለጭነት የተሠራ ነው ማለት ናት። የጭነት ቁጥሩ 106 ሲሆን በአንድ ጎማ 950 ኪሎ ይሸከማል፤ የኮሮላው 91 ግን 615 ብቻ። የቸርኬው ዲያሜትር አንድ ዓይነት ስለሆነ የቤት መኪና ጎማ ይገባለታል፤ መግባቱ ግን አያስችለውም።

ከመውረድዎ በፊት የኋላውን ኮፈን ከፍተው የስኮርት ጎማውን አራት አኃዞች ያንብቡ። ብዙ ቪትዝ ውስጥ ያለው ስኮርት መኪናው ከጃፓን ፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የወጣው ነው፤ ጥርሱ አንድም አልተነካ፣ ላስቲኩ ግን ከባለቤቱ ታላቅ ልጅ ይበልጣል።