ካሲዮ ዱሮ፦ ጣና ላይ አራት ዓመት ያሰርኳት ሰዓት

ሥራዬ ጀልባ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው አመላልሳለሁ። እጄ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፤ ገመድ ስስብ፣ ጀልባ ስገፋ፣ ማዕበሉ ሲረጭ ሁሌ እርጥብ ነው። ከዚህች በፊት የነበረችኝ ሰዓት ጀርባዋ ላይ ውኃ አታስገባም፣ 30 ሜትር ትችላለች የሚል ነበረባት። አንድ ክረምት እንኳ አልጨረሰችም። አንድ ጠዋት መስታወቷ ከውስጥ ላብ አውጥቶ አገኘሁት፣ በሳምንቱ ቀጥ አለች። በኋላ ስጠይቅ ነው የገባኝ። 30 ሜትር ማለት ይዛችሁ 30 ሜትር ውረዱ ማለት አይደለም፤ ለእጅ መታጠቢያና ለካፊያ ነው። ዋናና የውኃ ሥራ ያለበት ሰው ከዚያ ከፍ ያለ ነው የሚፈልገው።

ካሲዮ ዱሮ 200 ሜትር ነች። ጣና እኮ በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ 15 ሜትር ቢደርስ ነው! ታዲያ ለምን 200 ትሉኝ ይሆናል። ጎኗ ላይ ያለው፣ ሰዓትና ቀን የሚሞላበት ማዞሪያዋ እንደ ብሎን ስለሚጠብቅ ነው፣ የጀርባ ክዳኗም እንደዚያው ተጠምዝዞ ነው የሚገጠመው። ውኃ የሚገባው በእነዚህ ሁለት በሮች ነው። ዋጋዋ ደግሞ ውጭ አገር ከ100 ዶላር በታች ነው፤ ለእኔ ዘመድ ነው ከዱባይ ያመጣልኝ። ቢል ጌትስ እንኳ ያን ሁሉ ገንዘብ ይዞ ይህችኑ አስሮ ታይቷል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቀለበቷ። በመስታወቱ ዙሪያ የ60 ደቂቃ ምልክት ያለበት የሚዞር ቀለበት አላት። ለጠላቂ የተሠራ ነው፤ ውኃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይቆጥርበታል። እኔ ደግሞ ለተሳፋሪ ነው የምጠቀምበት። ዘጌ አውርጄ አንድ ሰዓት አላችሁ ስል፣ ሦስት ማዕዘኗን ምልክት ከደቂቃ ቆጣሪው ትይዩ አደርጋታለሁ፣ በቃ። ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ሳልደምር ሳልቀንስ አነባለሁ። ቀለበቷ ወደ ግራ ብቻ ነው የምትዞረው፣ ቀጭ ቀጭ እያለች፤ ሙሉ ዙር 120 ቀጭታ ነው። ወደ አንድ በኩል ብቻ የሆነችው በምክንያት ነው። ጠላቂው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ በስህተት ቢያዞራት ያለፈውን ጊዜ አብዝታ ነው የምታሳየው፣ ስለዚህ ቀድሞ ይወጣል እንጂ አየር አያልቅበትም። ለእኔም እንዲሁ ነው። ጣና ላይ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ሌላ ነው፣ ሰው አሳፍሬ መዘግየት አልፈልግም፤ ብትሳሳትም ወደ መፍጠን ነው የምትሳሳተው፣ ይሄን ነገሯን በጣም እወድላታለሁ።

የምትቸግረው በቀን ነው። በኛ ሰዓትና በኛ ቀን ነው የሞላኋት፤ 12 ሰዓት ማታ ላይ ቀኑ ይቀየራል። የኛ ወር 30 ነው፣ እሷ ግን 31 ድረስ ትቆጥራለች። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ማዞሪያዋን ፈትቼ ቀኗን ወደ 1 አሳልፋለሁ፣ ጳጉሜን ሲጨምር በዓመት 13 ጊዜ መሆኑ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሄድ ሰው 5 ጊዜ ብቻ ነው የሚነካት። መንካቱ ራሱ ችግር አይደለም፣ ግን መልሳችሁ ማጥበቅ ከረሳችሁ 200 ሜትሩ የለም። ስለዚህ እኔ ጀልባ ላይ ሆኜ አልነካትም፤ ቤት፣ ማታ፣ እጄን አድርቄ ነው። ስትመልሷት መጀመሪያ በቀስታ ወደ ኋላ አዙሩ፣ ጥርሱ ሲገጥም ይሰማችኋል፣ ከዚያ ገፋ አድርጋችሁ አጥብቁ። በግድ ከጠመዘዛችኋት ጥርሱ ይበላል።

ባትሪዋ ሦስት ዓመት ቆየ። ልክ የሚባለውን ያህል። ቅያሪው ላይ ግን ተናደድኩ። የሄድኩበት ሰዓት ሠሪ ክዳኑን በትክክለኛው መፍቻ ሳይሆን በፒንሳ ፈታው፣ ጫሩን አሁንም እጄን ሳዳብሰው ይሰማኛል። ከሥር ያለችውን ቀጭን የጎማ ቀለበት አጣምሞ ዘጋው። በማግሥቱ እንፋሎት ያዘች። ሌላ ሰው ጋ ወስጄ ተከፍታ ደረቀች፣ ጎማዋ ተቀየረ፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነች። እናንተ ስትሄዱ ከመክፈቱ በፊት መፍቻውን አሳየኝ በሉት፣ ጎማዋንም ቅባት ይቀባት፣ ቆማችሁ እዩ።

የመጣችበት የጎማ ማሰሪያ ደረቅ ነው፤ በሙቀት ያልባል፣ ክንድ ያሳክካል። በጨርቅ ማሰሪያ ቀየርኩት፣ 22 ሚሊ ሜትር በሉ። ጨለማ ላይ ብርሃኗ ደካማ ነው፣ ሌሊት ለሚሠራ አትሆንም። መስታወቷም ተራ ነው፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሁለት ጭረት አላት። ከዚያ ውጭ በወር ከሰከንዶች በላይ አታሳስትም። ፊቷ ላይ ያለው ሹል አፍ ዓሣ የውቅያኖስ ነው፣ የኛ ቆሮሶ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ትልቅ ነች፣ 44 ሚሊ ሜትር፤ ቀጭን ክንድ ያለው ከመግዛቱ በፊት ይሞክራት። ገበያ ላይ ካገኛችኋት ደግሞ ቀለበቷን አዙሯት። ወደ ቀኝም ከዞረች ተዉአት፣ ማዞሪያዋም ካልተፈታ በስተቀር መውጣት የለበትም፤ ዝም ብሎ ከተሳበ እሷ አይደለችም።