ለደብረ ማርቆሱ ኤሌክትሪሻን ምስጋና፣ አሮጌ መኪና ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖች። ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ያላችሁ፣ በተለይ መኪናችሁ ከእናንተ እኩል ያረጀባችሁ፣ ይቺን አንብቧት።

የአባቴ መኪና መርሴዲስ 230ኢ ናት፣ እንደ ፈረንጆቹ የ1988 ሞዴል። ቀለሟ ደብዝዟል፣ የሾፌሩ ወንበር ስፖንጅ አፍጥጧል፣ ግን ዛሬም የአባይን በረሃ ዳገት ሳታጉረመርም ትወጣዋለች። አባባ ከሁሉም በላይ የሚኮራው በአንቴናዋ ነው። ከኋላ በግራ ፓራፋንጎ ላይ ተደብቆ ይቀመጥና ሬዲዮ ሲከፈት ዝዝዝ ብሎ ይወጣል፣ ሲዘጋ ተመልሶ ይገባል። ልጅ ሆነን የሰፈር ልጆች ይቺን ለማየት ብቻ በራችን ላይ ይሰበሰቡ ነበር። አባባም ይህን ያውቃል፤ አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይከፍተዋል።

ባለፈው ክረምት አንቴናው ግማሽ መንገድ ወጥቶ ቀረ። ከውስጥ ደግሞ በቆሎ የሚፈለፍል ሰው የተቀመጠ ይመስል ቀቀቀቀ ይላል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሬዲዮውን ሳልዘጋ ለአጣቢ ልጆች ሰጠኋት፣ እነሱም በጨርቅ ሲጎትቱት ጎበጠ።

መጀመሪያ የወሰድኩበትን ጋራዥ ስሙን አልጠራም። ሳይከፍቱ ሳያዩ "ሙሉ አንቴናው ከነሞተሩ ይቀየራል" አሉና 18 ሺህ ብር ጠሩልኝ። ቴፑም ችግር ሊኖረው ይችላል ብለው እሱን አውጥተው አንድ ሁለት ሽቦ ነካክተው መለሱት። ከዚያ በኋላ ሌላ ጣጣ መጣ፦ ሦስት ቀን ካቆምኳት ባትሪዋ ይሞታል። የማርቆስን የጠዋት ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ተማሪ ለምኜ መኪና ማስገፋት የየሳምንቱ ሥራዬ ሆነ። (ፊዚክስ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ይህን አጋጣሚ በደንብ ተጠቅመውበታል።) አዲስ ባትሪ ልገዛ ብር እስከማውጣት ደርሼ ነበር።

ወደ ኤሌክትሪሻኑ የመራኝ ጎማ የሚለጥፍ ልጅ ነው። እኔ አያ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው መምህር ይሉኛል። ሰላምታ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር፣ ካቻቢቴ አላነሱም። "ሬዲዮውን ክፈት" አሉኝና ጆሯቸውን ፓራፋንጎው ላይ ለጠፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ። "ዝጋ።" እንደገና "ክፈት።" ከዚያ ቀና ብለው፣ "ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥርሱ ነው የተቆረጠ" አሉ።

የኋላውን ኮፈን ከፍተው የግራውን ሽፋን ሲያነሱ አንቴናው ከነሳጥኑ እዚያ ተቀምጧል። ለማታውቁት፣ ነገሩ እንዲህ ነው፦ በአንቴናው ዘንግ ውስጥ በአንድ ጎኑ ጥርስ ያለው የናይለን ገመድ አለ። ሞተሩ በጥርስ ጎማ ገመዱን ሲገፋው ዘንጉ ይወጣል፣ ሲስበው ገመዱ ሳጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ዘንጉ ይገባል። ዘንጉ ከጎበጠ ሞተሩ ይታገላል፣ ትግሉን የሚሸነፈው ናይለኑ ነው። አያ ሳጥኑን ፈተው በመርፌ አፍ ፒንሳ የገመድ ቁራጭ አወጡና መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ከጥፍሬ ብዙም አይበልጥም፣ አርጅቶ ቢጫ ሆኗል፣ ከጥርሶቹ ግማሾቹ ተልጠዋል። ያ ሁሉ ጩኸት የሞተሩ ጥርስ በዚህ ላይ ሲንሸራተት ነበር። አሮጌው ግራሶ እንደ ሰም ደርቋል፤ በቤንዚን አጠቡት። የውሃ ማውረጃ ቱቦው ደግሞ በባህር ዛፍ ቅጠልና በጭቃ ተደፍኗል፣ ምክንያቱም እኔ ሁልጊዜ ዛፍ ሥር ነው የማቆማት። "ሌላ ክረምት ቢያልፍበት ሞተሩም ውሃ ጠጥቶ ይሄድ ነበር" አሉኝ።

ከዚያ የባትሪውን ነገር ነገርኳቸው። ቴፑን ስበው አወጡ፣ ከኋላው ያሉትን ሽቦዎች አዩና ሳቁ። በእነዚህ አዳዲስ ቴፖች ላይ ቢጫው ሽቦ ቁልፍ ተነቀለ አልተነቀለ ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ነው፣ ቀዩ በቁልፍ የሚበራ፣ ሰማያዊው ደግሞ ሬዲዮ ሲከፈት አንቴናውን ውጣ የሚለው። ያ ጋራዥ ቀዩን ሽቦ ከቁልፉ መስመር ነቅሎ ቢጫው ላይ ቋጥሮታል። ስለዚህ ቴፑ ቁልፉ ሌሊቱን ሙሉ የተከፈተ ይመስለዋል፣ ሳይተኛ ያድራል፣ ባትሪዬም ጠብ ጠብ እያለ ያልቃል። አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስተምረው እኔ ነኝ፤ የራሴን ቴፕ አውጥቼ ማየት ግን ትዝ አላለኝም።

ዕቃውን በተመለከተ ከልቤ የማመሰግናቸው እዚህ ላይ ነው። "ዘንግ ከነገመዱ ለብቻው ይሸጣል፣ ሙሉውን አትግዛ። ግዥውንም አንተው ግዛ፣ እኔ ከዕቃ ላይ አልበላም" አሉኝ። አሮጌው ዘንግ ሲታጠፍ ያለውን ርዝመትና የላይኛውን ዳዶ ጥርስ ለክተው በወረቀት ጻፉልኝ። አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ ሶማሌ ተራ ዞሮ በ3,500 ብር አገኘና በአውቶቡስ ላከልኝ።

የማስገባቱ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እኔ ቴፑ ላይ፣ እሳቸው አንቴናው ላይ። የገመዱን ጥርስ ወደ ሞተሩ አዙረው ቁልቁል ሰደዱት፣ እስኪነክስ ድረስ በጣታቸው እያዳመጡ። "ዝጋ መምህር!" ዘጋሁ። ሞተሩ ገመዱን እንደ ፓስታ ዋጠው፣ ግን ዘንጉ ግማሽ ላይ ቆመ። ሳይናደዱ አውጥተው ጥርሱን ትንሽ አዙረው እንደገና። በሁለተኛው እስከ ጫፉ ገባ፣ ዳዶውን አጠበቁ፣ አለቀ። አንድ ሺህ ብር ስሰጣቸው አራት መቶውን መለሱልኝ።

ምክራቸው ሁለት ነው፦ መኪና ልታሳጥቡ ስትሉ ሬዲዮውን ዝጉ፣ ዘንጉን ደግሞ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ ግራሶ አትቀቡት፣ አቧራ ሰብስቦ ያንኑ ገመድ ይቆርጠዋል። "ለምን ትደክማለህ፣ የሚለጠፈውን አጭር አንቴና ግጠም" ላላችሁኝም መልስ አለኝ። ኤፍኤም 100 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ላይ ሞገዱ 3 ሜትር ነው፣ ሩቡ 75 ሳንቲ ሜትር። ይህ ዘንግ ተስቦ ሲወጣ ወደዚያ ይጠጋል፣ ራቅ ያለ ጣቢያ ለመያዝ የሚረዳውም ይኸው ነው። ደግሞስ ለአባባ ማን ይነግረዋል?

አሁን ጉድለታቸውን ልንገራችሁ፣ ሙገሳ ብቻ እንዳይሆን። በቀጠሮ አይታሙም ማለት አልችልም፤ ሦስት ሰዓት ያሉኝ አምስት ሰዓት መጡ። ስልክም አያነሱም። ቁጥራቸውን እዚህ ባወጣ "ስልክ ሳነሳ ልዋል ነው ወይ?" ብለው ስለተቆጡኝ አላወጣም፤ የፈለጋችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ቦታቸውን እመራችኋለሁ። ስትሄዱ የተቆረጠውን ገመድና ዘንጉን አትጣሉት፣ ይዛችሁ ሂዱ፣ በእሱ ነው የሚለኩት።

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አባባ ማታ ዜና እሰማለሁ ብሎ ግቢ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጧል፣ እስካሁን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘግቶታል።