በደብረ ብርሃን የአንድ ጂም የሆድ ጡንቻ ሥልጠና

በደብረ ብርሃን ከተማ በሚገኝ አንድ ጂም ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የሚሰጠውን የሆድ ጡንቻ ሥልጠና ለሦስት ወራት ተከታትያለሁ። ሥልጠናውን ከሌሎች አስበልጬ የማየው፣ አሰልጣኙ በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ የሚሠራውን ጡንቻ እኛው ራሳችን በጣታችን እየዳሰስን እንድንለይ ስለሚያደርግ ነው።

በጀርባ ተኝቶ ትከሻን ብቻ ከምንጣፉ በማንሣት በሚሠራው ክራንች፣ ከጎድን እስከ ዳሌ በቁም የተዘረጋው የፊተኛው ጡንቻ ሲጠጥር ይታወቃል። ክርንን ከተቃራኒው ጉልበት ጋር እያገናኙ ሳይክል እንደሚነዳ ሰው እግርን ማመላለስ ግን የጎን ጡንቻዎችንም አብሮ ያሠራል። የአሜሪካ የአካል ብቃት ምክር ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ባሠራው፣ 13 እንቅስቃሴዎች በጡንቻ ኤሌክትሪክ መለኪያ በተነጻጸሩበት ጥናት ለፊተኛው ጡንቻ አንደኛ የወጣው ይኸው ሲሆን፣ በክርን ተደግፎ በመንጠልጠል ጉልበትን ወደ ደረት መሳብ ደግሞ ለጎን ጡንቻዎች ቀዳሚ ሆኗል። ጂሙ ሁለቱንም ያሠራል፤ የመንጠልጠያው መሣሪያ አንድ ብቻ በመሆኑ ግን ወረፋው ያሰለቻል።

እኔ ብዙ የተማርኩት ከፕላንክ፣ ማለትም በክርንና በእግር ጣቶች ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ከመቆየት ነው። እንቅስቃሴ ባይኖረውም፣ እንደ መቀነት ወገብን የሚከበው የውስጠኛው ጡንቻ ከሌሎቹ ጋር ሆኖ አከርካሪን ደግፎ ይይዛል። አሰልጣኙ መቀመጫችንን አጥብቀን ዳሌያችንን ወደ ውስጥ እንድናጥፍ ያዘናል፤ ይህ ሲደረግ ሆድ ላይ የሚሰማው ጫና ወዲያው ይጨምራል። ወገቡ የሰረገደውን ሰው 20 ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ያስቆመዋል እንጂ ደቂቃ እንዲቆጥር አይተወውም። ትንፋሽ መያዝንም አጥብቆ ይከለክላል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ከሸዋ ሮቢት ቆላ የሚመጣ ሠልጣኝ ይህን ምክር ከማንም በላይ ይፈልገዋል።

የማልስማማው በመጨረሻው ክፍል ነው። እግራችንን ጓደኛ ይዞልን በፍጥነት እየቆጠርን እስከ ጉልበት እንነሣለን። እግር ሲያዝ ጭንን ወደ ላይ የሚስቡት የዳሌ ጡንቻዎች ሥራውን ከሆድ ይወስዳሉ፤ እነዚህም ከታችኛው አከርካሪ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው ወገብን ይጎትታሉ። እኔን ለሁለት ሳምንት ወገቤን አሞኛል። በዚያ ብርድ ማሟሟቂያው አምስት ደቂቃ ብቻ መሆኑም ሳያባብሰው አልቀረም። አሁን በዚያ ሰዓት በዝግታ ክራንች እሠራለሁ፤ አሰልጣኙም ምክንያቴን ሰምቶ ፈቅዶልኛል።