ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ በአንድ አውሮፕላን ወይስ በዱባይ?

ርቀቱ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥያቄው በየት በኩል ይሻላል ነው።

በኢትዮጵያ አየር መንገድ፦ አውሮፕላን መቀየር የለም። ግን «ቀጥታ» ሲሏችሁ አትሸወዱ። ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ መሃል ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ጉዞው 16፣ 17 ሰዓት ይፈጃል። ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል።

በዱባይ፦ መንገዱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። መጀመሪያ 4 ሰዓት፣ ቀጥሎ 14 ሰዓት ገደማ፣ መሃል ላይ ደግሞ መጠበቅ። አንዳንዴ ዋጋው ረከስ ይላል። ሁለቱን በረራ ለየብቻ ከቆረጣችሁ ግን የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው ትኬት ሊቃጠል ይችላል።

ልጃቸውን ሊጠይቁ ብቻቸውን ለሚሄዱ፣ እንግሊዝኛ ለማይችሉ፣ በርበሬና ሽሮ ለተሸከሙ እናት የኢትዮጵያ አየር መንገዱን ቁረጡላቸው። ወጣት ከሆናችሁና የዋጋው ልዩነት ደህና ብር ከሆነ፣ ዱባይ ወርዶ እግር ማፍታታትም አይከፋም።