ሃይኤስን ቤት አድርገን ከሜልበርን እስከ ኬርንስ፦ ከወራት በኋላ ስለ መኪናው የምለው

መኪናችን ቶዮታ ሃይኤስ ነው፣ ያው አገር ቤት ሚኒባስ ታክሲ ሆኖ የምናውቀው። የ2012 ሞዴል፣ 2.7 ሊትር ቤንዚን፣ ማንዋል፣ ከኛ በፊት የቧንቧ ሰራተኛ እቃውን ሲጭንበት የነበረ። ሜልበርን ገዝተን ኋላውን አልጋና መደርደሪያ ራሳችን ሰራንለት፣ ከዛ በአውስትራሊያ ምስራቅ የባህር ዳርቻ በፕሪንስስ ሀይዌይ ሲድኒ፣ ከሲድኒ ብሪዝበን፣ ከብሪዝበን በብሩስ ሀይዌይ እስከ ኬርንስ ወጣን። ዋናው መንገድ ብቻውን ወደ 3,600 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ወደየባህሩ ወጣ ገባ ሲባል ደግሞ በጣም ይጨምራል። ወራት ተኝተንበታል አብስለንበታል ዝናብ ላይ ተዘግተን ውለንበታል፣ ስለዚህ እንደኛ ትንሽ ብር ይዘው ከትዳር አጋራቸው ጋር ለመውጣት ለሚያስቡ የማውቀውን ልንገራቸው ብዬ ነው።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልበል። ቫን ስትመርጡ ስለ አልጋው ውበት ከማሰባችሁ በፊት ገጠር ውስጥ ቢቆም ማን ነው የሚሰራልኝ ብላችሁ አስቡ። ሃይኤስ እዚህ አገር የሰራተኛ መኪና ነው፣ ኤሌክትሪሻኑም ቀለም ቀቢውም እቃ አመላላሹም እሱን ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ መካኒክ ሁሉ እጁ ለምዶታል። እኛ ሮክሃምፕተን ሳንደርስ የውሃ ፓምፑ ማንጠባጠብ ጀመረ፣ እድሜው ነው፣ ያገኘነው ጋራዥ ገባን ሰውየው አንዴ አየው፣ እቃው በማግስቱ ጠዋት መጣ ከሰዓት መንገዳችንን ቀጠልን። እዛው ጋራዥ ከኛ በጣም የሚያምር ቫን የያዙ ጥንዶች ነበሩ፣ ውስጡ ሻወር ሳይቀር አለው፣ ግን ለሱ የሚሆን እቃ ከሩቅ እስኪመጣ ሞቴል ተከራይተው እየጠበቁ ነበር። በትንሽ በጀት ለወጣ ሰው ትልቁ ወጪ እንደዚህ አይነት መቆም ነው፣ ነዳጅ አይደለም።

ነዳጁን ካነሳሁ፣ የኛ በ100 ኪሎ ሜትር ከ11 እስከ 12 ሊትር ይጠጣል። ሊትሩን 2 ዶላር ብላችሁ ብታሰሉት ከሜልበርን ኬርንስ ወደ 800 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ብዙ ሰው 3.0 ሊትር ዲዝሉን ግዙ ይላል፣ ልክ ነው ትንሽ ይጠጣል ዳገትም ላይ ጉልበት አለው፣ ግን ሲገዛም ይወደዳል፣ በ150,000 ኪሎ ሜትር ታይሚንግ ቤልት የሚባለው የሞተሩ ቀበቶ ይቀየራል፣ ኢንጀክተር መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ብሩ ብዙ ነው። ቤንዚኑ በቤልት ፈንታ በቼይን፣ ማለት በሰንሰለት ነው የሚሰራው፣ ቀለል ያለ ሞተር ነው። ለጥቂት ወራት ጉዞ ከሆነ የኔ ምርጫ ቤንዚኑ ነው፣ ለዓመታት የሚዞር ሰው ሌላ ሂሳብ ይስራ። የምር ልዩነት የሚያመጣው ፍጥነት ነው፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ በ110 ከሄዳችሁ ነፋሱን እየገፋ ነዳጁን ይጨርሰዋል፣ በ90 ስንሄድ ልዩነቱ ታንከር ላይ ይታያል። ሌላው ደግሞ ሜልበርንና ሲድኒና ብሪዝበን የቤንዚን ዋጋ በየሳምንታቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሲወርድ ጠብቆ ሞልቶ መውጣት ነው። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ፉዌልቼክ የሚባል የመንግስት አፕ አለ የየማደያውን ዋጋ ያሳያል፣ በየቀኑ ነበር የምንከፍተው።

አነዳዱ ላይ ስመጣ፣ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮቹ ስር ነው። ይሄ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ መኪናው አጭር ሆኖ ኋላው ሰፊ ይሆናል፣ የተቀመጣችሁት የፊት ጎማው ላይ ስለሆነ ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር በጣም ይመቻል። ጉዳቱ ረጅም መንገድ ላይ ከታች ሙቀት ይመጣል ድምጹም አለ፣ ከፊታችሁም ብዙ ብረት የለም። እሱ የሚያሳስበው ሰው በ2019 የወጣውን አዲሱን ሃይኤስ ይመልከት፣ ሞተሩን ወደ ፊት አውጥተውት በአንካፕ የደህንነት ምርመራ 5 ኮከብ አግኝቷል፣ ዋጋው ግን የኛ አይነት ኪስ አይደለም። እኛ መፍትሄ ያደረግነው ሲመሽ አለመንዳት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅና ስትወጣ ካንጋሮ መንገድ ላይ ይወጣል፣ በተለይ ከሌክስ ኢንትራንስ እስከ ኢደን ጫካው ውስጥ፣ ባለቤቴ ከ4 ሰዓት በላይ በቀን አይነዳም ብለን ተስማምተን ነው የወጣነው፣ ይሄ ደንብ ትዳራችንንም ረድቶታል።

ስለ አልጋው። ረጅሙ ሃይኤስ ተብሎ የሚሸጠው ርዝመቱ ወደ 4.7 ሜትር ስፋቱ 1.7 ሜትር ነው፣ ውስጡ ሲለካ ግን በጣም ይጠባል። ባለቤቴ 1.83 ነው፣ በወርዱ መተኛት አይችልም፣ ስለዚህ አልጋውን በቁመት ነው የሰራነው፣ ከስሩ ሳጥን፣ ከጎኑ ጠባብ መደርደሪያ። ውስጡ መቆም የለም፣ ሱሪ የምትቀይሩት ተንበርክካችሁ ወይ ተኝታችሁ ነው፣ መጀመሪያ አካባቢ ወገብ ያማል ከዛ ሰውነት ይለምደዋል። ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ረጅሙ ሞዴል አለ እሱ ያስቆማል፣ ግን የኛው ቁመቱ ከ2 ሜትር በታች ስለሆነ ብዙ ከተማ ውስጥ የምድር ቤት ፓርኪንግ ይገባል፣ ገበያ ስንገባም ሐኪም ቤት ስንሄድም ተራ መኪና የሚቆምበት ነው የምንቆመው። ጣሪያው ላይ ፋንና ሶላር ከጨመራችሁ ግን በሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን መሪው ጋ ለጥፉት። አንድ ነገር ደግሞ ራሳችሁ የምትሰሩ ከሆነ፦ ዘይት ለማየትና ሞተሩን ለመስራት ወንበሩ ወደ ኋላ መታጠፍ አለበት፣ ስለዚህ አልጋውን ወይ ሳጥኑን ወንበሩ ጀርባ ድረስ አታስጠጉ። እንደዛ ተሰርቶ የሚሸጥ ቫን አይተናል፣ መካኒክ ጋ በሄዳችሁ ቁጥር ግማሽ ቤታችሁን ማፍረስ ማለት ነው።

መብራትና ፍሪጅ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ገንዘብ የሚቆጥበው እዚህ ነው። 40 ሊትር ባለ ኮምፕረሰር የ12 ቮልት ፍሪጅ፣ 100 አምፒር አወር ሊትየም ባትሪ፣ ጣሪያ ላይ 200 ዋት ሶላር፣ እና መኪናው ሲሄድ ከአልተርኔተሩ ሁለተኛውን ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር። የፍሪጁ ስም ይቅር፣ ግን ከሱ ጋር የመጣው ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ገመድ ቀጭን ነው፣ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይነቀላል፣ ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ቮልቴጁ ስለሚወርድ ፍሪጁ ባትሪ አልቋል ብሎ ራሱን ያጠፋል፣ አንድ ሌሊት ስጋችን በዚህ ተበላሽቷል። ወፍራም ገመድ ከባትሪው በቀጥታ በፊውዝ አሰራን፣ ከዛ በኋላ ችግር የለም። ደቡብ ላይ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፍሪጁ ብዙ አይሰራም፣ ወደ ሰሜን ከታውንስቪል ወዲያ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል፣ ስለዚህ ባትሪያችሁን በሜልበርን አየር አትለኩት። ይሄ ሁሉ ከተሟላ ካራቫን ፓርክ ገብቶ መብራት ላለው ቦታ 40 እና 50 ዶላር በየሌሊቱ መክፈል አያስፈልግም።

የምታድሩበትን ለማግኘት ዊኪካምፕስ አፕ ይበቃል። ኩዊንስላንድ መንገድ ዳር ያሉ ማረፊያዎች አንዳንዶቹ እስከ 20 ሰዓት መቆም ይፈቅዳሉ፣ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ ገበያ እንዲመጣላቸው ሜዳቸውን በነጻ ወይ በመዋጮ የሚሰጡ አሉ፣ እንደዛ አይነት ከተማ ስናድር ቤንዚንም ዳቦም እዛው ነው የምንገዛው፣ እንደዛ ማድረግ ተገቢ ነው። ባይረን ቤይ ላይ ግን መንገድ ዳር መኪና ውስጥ ማደር ክልክል ነው፣ ይቀጣሉ፣ ለመርከብ የሚያበራውን የመብራት ማማ (ላይትሀውሱን) ቀን አይታችሁ ሌላ ቦታ እደሩ። እሱን ሳታዩ እንዳታልፉ ግን፣ የዋናው ምድር የመጨረሻው ምስራቅ ጫፍ ነው፣ በክረምት ወደ ሰሜን የሚያልፉት ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ከዛ ላይ ሆኖ ይታያሉ፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ውሃ ሲተፋ ያየ ጊዜ ድምጹ ሁሉ ተቀይሮ ነበር።

ምግብ። ሜልበርን ውስጥ ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር ከሐበሻ ሱቅ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ እና ብዙ ድርቆሽ ገዝተን ነው የወጣነው። ድርቆሽ ለቫን ኑሮ የተፈጠረ ነገር ነው፣ ቦታ አይዝም አይበላሽም፣ ወጥ ካለ በደቂቃ ፍርፍር ነው። በጾም ቀን ፍሪጁ ባይኖርም ችግር የለም። አውስትራሊያ ደግሞ ብዙ መናፈሻና ባህር ዳር ላይ ነጻ የኤሌክትሪክ ባርቤኪው አለ፣ ቁልፉን ተጭናችሁ መጥበስ ነው፣ ስትጨርሱ ግን አጥቡት። የጋዝ ምድጃ ከያዛችሁ በጭራሽ በር ዘግታችሁ ውስጥ አታብስሉ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝታችሁ ነው የሚወስዳችሁ። እኛ ቡናውንም ውጭ ነው የምንቆላው፣ እና ሽታው ግሬይ ኖማድ የሚባሉትን ካራቫን ይዘው የሚዞሩ ጡረተኞች ይጠራል፣ ወንበራቸውን ይዘው መጥተው እስከ በረካ የተቀመጡ አሉ፣ ጥሩ ጥሩ ማደሪያ ያሳዩን እነሱ ናቸው። ኬርንስ ስትደርሱ ዳገቱን ወጥታችሁ ማሪባ ሂዱ፣ አረቢካ ቡና ይበቅላል፣ ቡናውን ከዛፉ ላይ ቀይ ሆኖ ሳየው አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ያልወደድነው ነገር አየሩ ነው፣ ማለት የመኪናው ውስጥ አየር። ብረት ስለሆነ ደቡብ ላይ ሌሊት ትንፋሻችን መስኮቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ፍራሹ ከስሩ ይሻግታል። ፍራሹ ስር አየር የሚያስገባ ርብራብ፣ መስኮቱን ጣት የምታህል መክፈት፣ ጣሪያ ላይ ፋን፣ እነዚህ ግድ ናቸው። ሰሜኑን ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ሂዱ፣ ሌሊቱ ያስተኛል፣ ዝናቡም ትንሽ ነው ሳይክሎንም የለም። ከኖቬምበር እስከ ሜይ መርዘኛ ጄሊፊሽ ስላለ በመረብ ካልታጠረ ባህር አትገቡም፣ አዞ አለ የሚል ምልክት ያለበት ውሃ ዳር ደግሞ በየትኛውም ወር አትቁሙ።

ለመግዛት የምታዩ ካላችሁ፣ ፒፒኤስአር የሚባለው የመንግስት መዝገብ ላይ 2 ዶላር ከፍላችሁ መኪናው እዳ እንዳለበትና እንደሌለበት እዩ፣ ቪክቶሪያ ከሆነ ሻጩ ሮድወርዚ፣ ማለት መኪናው ለመንገድ ብቁ ነው የሚለውን ወረቀት ይስጣችሁ፣ ከሌላ ስቴት ታርጋ ያለውን ስትገዙ የዛ ስቴት ደንብ ሌላ ነው ቀድማችሁ ጠይቁ። ስሩን ገብታችሁ ዝገት ተመልከቱ፣ ባህር ዳር የኖረ መኪና ጨው በልቶት ይሆናል። ጎማው የጭነት ደረጃ ያለው መሆኑን አረጋግጡ። የኛን አንሸጠውም። የሚቀጥለው ሃሳባችን ምዕራቡ ነው፣ ናላርቦር የሚባለውን ደረቅ ሜዳ አቋርጠን ፐርዝ፣ ለሱ 20 ሊትር ውሃ ስለማይበቃ ከአልጋው ስር ያለውን አንዱን ሳጥን አውጥተን የ60 ሊትር ታንከር ልናስገባ ነው፣ ባለቤቴ ልኬቱን ጨርሷል።